ሽሮ ሜዳ ያሠራሁት ጋቢ እና «ምልልስ» የሚለው ቃል

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ለአባቴ ጋቢ ያሠራሁበት የሽሮ ሜዳው ሸማኔ ቤት አሪፍ ነው። ሥራቸው ንጹሕ ነው፣ ቃላቸውም ቃል ነው፣ ጋቢውም እንደተባለው ሆኖ ወጥቷል። ቅር ያሰኘኝ ነገር አለ፣ እሱንም አልደብቅም። ግን ስለ ጋቢው ብቻ ጽፌ ማለፍ አልቻልኩም። እዚያ ቤት ቁጭ ብዬ ያየሁት አንድ ትንሽ እንጨት፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስናገራቸው የኖርኩትን ሁለት ቃላት እንደ አዲስ አሰማኝ። ጋቢ ሲገዛ ምኑ እንደሚታይ ያስተማረኝም ያው እንጨት ነው። ስለዚህ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከሌላ ጋቢ ነው። አባቴ ያለ ጋቢ አይሆንለትም። ማታ ሬዲዮ ሲሰማ፣ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም፣ ሐምሌ ላይ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከትከሻው አይወርድም። አሮጌው ስለሳሳ አምና ለገና መሀል ከተማ ካለ አንድ የባህል ልብስ ሱቅ ሌላ ገዛሁለት። ሻጩ «የእጅ ሥራ ነው፣ ንጹሕ ጥጥ» አለኝ። አመንኩት። ሁለተኛ ሲታጠብ ጠርዙ ተተረተረ። በመኪና የተሰፋው ስፌት ሲላቀቅ ከሥሩ የተቆራረጠ የክር ጫፍ ብቅ ብቅ አለ፣ ሲስቡትም ዝም ብሎ ይከተላል። ይዤው ሄድኩ። «ባለቤቱ የለም፣ ነገ ነይ» ተባልኩ። በነጋታው ሄድኩ። «እስቲ ሰኞ ሞክሪ» ተባልኩ። ሰኞም ሄድኩ። ከሥራ እያስፈቀድኩ፣ ከታክሲ ታክሲ እየቀያየርኩ፣ ያንን ጋቢ በፌስታል ታቅፌ ስመላለስ ከረምኩና በመጨረሻ ምንም ሳላገኝ ቤቴ ገባሁ። እናቴ ይህን ስትሰማ «ተይው ልጄ፣ ለምልልሱ የከፈልሽው ሌላ ጋቢ ያሠራል» አለችኝ።

«ያሠራል» ያለችው ጆሮዬ ላይ ቀረ። እውነቷን ነው፣ ጋቢ ድሮ ይሠራ ነበር እንጂ ተሰቅሎ አይገዛም ነበር። እናቶች ጥጡን ፈትለው ፈትሉን ለሸማኔ ይሰጣሉ፣ ሸማኔው ሠርቶ ያስረክባል። እኔም ለምን ሱቅ ለሱቅ እዞራለሁ ብዬ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሽሮ ሜዳ ወጣሁ።

ቦታውን ለማታውቁት፣ ከ6 ኪሎ ወደ እንጦጦ የሚወስደውን ዳገት ይዛችሁ ስትወጡ፣ ከአሜሪካ ኤምባሲ ብዙም ሳትርቁ ነው። ግራና ቀኙ ነጭ በነጭ ነው፣ ቀሚሱ፣ ነጠላው፣ ጋቢው ተሰቅሏል። ብዙ ሰው እዚያው መንገድ ዳር ገዝቶ ይመለሳል። ሸማኔዎቹ ያሉት ግን ከሱቆቹ ጀርባ፣ በየመንደሩ ውስጥ ነው። ብዙዎቹ ትውልዳቸው ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻና ከዶርዜ አካባቢ ነው፤ ሽመናውን ከአባቶቻቸው ተቀብለው አዲስ አበባ ላይ የተከሉት እነሱ ናቸው። እኔ የሄድኩበት ቤት በር ላይ ምንም ማስታወቂያ የለም። ድምፁን ተከትዬ ነው ያገኘሁት። ጧ፣ ጧ፣ ጧ የሚል ደረቅ የእንጨት ድምፅ።

ውስጥ ሦስት የሽመና ዕቃ ተተክሏል። በሩ አጠገብ ያሉት ሽማግሌ መሬት ላይ ከተቆፈረ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ወደ ውስጥ ሰደዋል። ገና «ጋሼ፣ ጋቢ ላሠራ ነበር» ስላቸው ሥራቸውን ሳያቋርጡ «ተቀመጪ ልጄ፣ ይቺን ልጨርስ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ሰዓቴን ያየሁት ከአርባ ደቂቃ በኋላ ነው።

ያየሁትን ልንገራችሁ። በእግር ጣታቸው ታች ያለውን ገመድ ይረግጣሉ። ከፊታቸው በቁመት የተወጠረው ክር፣ ድሩ፣ ለሁለት ይከፈላል፣ ግማሹ ክር ወደ ላይ፣ ግማሹ ወደ ታች። በመሀሉ ጠባብ አፍ ይከፈታል። በዚያ አፍ ውስጥ ያቺን እንጨት በቀኝ እጃቸው ይወረውሯታል፣ በግራቸው ይቀልቧታል። ማጉን፣ ማለትም በድሩ መሀል በአግድም የሚያልፈውን ክር፣ የሚያጠጋጋውን እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለውን ነገር ወደ ደረታቸው ይስቡታል፣ ጧ የሚለው እሱ ነው። እግራቸውን ይቀይራሉ። አሁን በግራ ይወረውራሉ፣ በቀኝ ይቀልባሉ። ልቆጥር ሞከርኩ። ሃያ ጊዜ ወርውረው የሠሩት ከአውራ ጣቴ ውፍረት አይበልጥም። የአባቴ ጋቢ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ፣ አራት እጥፍ መሆኑን ሳስብ ስለ ዋጋ ልከራከር ያዘጋጀሁት ነገር ሁሉ ከአፌ ጠፋ።

ማጉ ሲያልቅባቸው እንጨቷን ሰጡኝና አገላብጬ አየኋት። ከመዳፌ ትንሽ ትረዝማለች። ሁለቱም ጫፏ ሾል ብሏል፣ መሀሏ ተቦርቡሯል። ቡርቡሩ ውስጥ ቀሰሙ ይገባል፤ ቀሰም ማጉ የሚጠነጠንበት ቀጭን መቃ ነው። ጎኗ ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ክሩ ይወጣል። ከስንት ዓመት መወርወር የተነሣ ልስላሴዋ ልዩ ነው፣ ቅቤ የጠጣች ትመስላለች። «ጋሼ፣ ስሟ ማነው?» አልኳቸው። «መወርወሪያ ነዋ» አሉኝ፣ ሌላ ምን ሊባል ይችላል በሚል ዓይነት።

መወርወሪያ። ቃሉን አውቀዋለሁ። መጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 7 ላይ ኢዮብ የዘመኑን መፍጠን ከሸማኔ መወርወሪያ ጋር ሲያነጻጽር ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ግን ዕቃውን በእጄ እስክይዝ ድረስ ቃሉ ውስጥ ያለውን ነገር አላየሁትም። ወረወረ ከሚለው ግስ ነው የወጣው፣ ግዕዙ «ወረወ» ይለዋል፣ ጣለ ማለት ነው። መቁረጫ የሚቆረጥበት፣ መጥረጊያ የሚጠረግበት እንደሆነ ሁሉ ይህም መወርወሪያ ተባለ። ጦር የሚወረውረውም ሰው ወርዋሪ ነው። ወርዋሪውም መወርወሪያዋም ከአንድ ግስ ነው ስማቸውን ያገኙት፤ ጦሩም መወርወሪያዋም ሹል ናቸው፣ ሁለቱም ከእጅ ወጥተው አየር ላይ ይሄዳሉ።

እዚህ ላይ አንድ በጣም የገረመኝን ነገር ልጨምር። እንግሊዝኛው ለዚህች እንጨት «ሻትል» ይላታል። አዎ፣ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል የሚመላለሰውን መኪና የምንጠራበት ሻትል። የቃሉ ሥር ጥንታዊ እንግሊዝኛ ነው፣ ያኔ ትርጉሙ ተወርዋሪ ፍላጻ ነበር፣ «ሹት» ከሚለው ቃልም ጋር ዝምድና አለው። ከፍላጻ ወደ ሸማኔ ዕቃ፣ ከሸማኔ ዕቃ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ በሁለት ጣቢያ መካከል ወደሚመላለስ ባቡር፣ ከዚያ ወደ አውቶቡስ ተሸጋገረ። የአሜሪካው ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኪሲንጀር እ.ኤ.አ. ከ1973ቱ የዓረብና የእስራኤል ጦርነት በኋላ በኢየሩሳሌም፣ በካይሮና በደማስቆ መካከል እየበረረ ሲያደራድር ዲፕሎማሲው በዚህ ስም ተጠራ። እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ ጠፈር ወጥታ የተመለሰችውም የአሜሪካኖቹ መንኮራኩር በዚሁ ስም ነው የምትታወቀው፣ ምክንያቱም ደርሳ ተመልሳ እንደገና ትበር ነበር። እኛ መንኮራኩር አልናት፣ ግዕዙ ለመንኮራኩር የሚሰጠው ትርጉም ደግሞ የሠረገላ ጎማ ነው። እንግሊዝኛ የሚናገር ሸማኔና አማርኛ የሚናገር ሸማኔ ሳይተዋወቁ፣ ቋንቋቸውም ሳይዛመድ፣ ያንኑ ዕቃ አይተው ያንኑ ነገር አሰቡ፦ ይወረወራል። ፈረንሳዮች ግን ቅርጿን ነው ያዩት፣ «ናቬት» ይሏታል፣ ትንሽ መርከብ እንደ ማለት ነው፣ የሚመላለሰው አውቶቡሳቸውም ስሙ ያው ናቬት ነው። ዓረቦቹም የጠፈሩን መንኮራኩር የሚጠሩት በሸማኔው ዕቃ ስም ነው፣ «መኩክ» ይሉታል።

አማርኛ ግን እንደዚያ አላደረገም። መወርወሪያን እዚያው ሸማኔው ጋ ተዋትና ለመንገዱ ሌላ ቃል መረጠ። ምልልስ።

እኔ ይህን ቃል በጣም ነው የወደድኩት፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ሥሩ መለሰ ነው። መለሰ ማለት የወሰደውን ወደ ነበረበት አደረሰ ማለት ነው፣ ለተጠየቀው ምላሽ ሰጠ ማለትም ነው። አማርኛ አንድ ነገር መደጋገሙን ሊነግረን ሲፈልግ ከግሱ መሀል አንዱን ድምፅ ይደግመዋል። ሰበረ ሰባበረ ይሆናል፣ ቆረጠ ቆራረጠ ይሆናል፣ መለሰ ደግሞ መላለሰ፣ ተመላለሰ። እስቲ ምልልስ ብላችሁ ቀስ አድርጋችሁ ተናገሩት። «ል» ሁለት ጊዜ ትመጣለች፣ አንዴ ለመሄጃ አንዴ ለመመለሻ። ጋሼ ሲወረውሩ እያየሁ ቃሉን በልቤ ስለው ልክ ከእጃቸው ጋር ገጠመልኝ።

ደግሞ ስንት ቦታ እንደምንጠቀምበት አስቡት። ቀን ሠርታ ማታ ቤቷ የምትገባዋ ተመላላሽ ሠራተኛ ናት። ሆስፒታል አልጋ ሳይዝ የሚታከመው ተመላላሽ ታካሚ ነው። የአውሮፕላን ትኬት ደርሶ መልስ ይባላል። የሰርግ ማግስት ሙሽሮቹ ወደ ልጅቷ ቤት የሚመለሱበት ድግስ መልስ ነው። ለታክሲ ረዳት መቶ ብር ሰጥተን የምንጠብቀውም መልስ ነው። ጋዜጠኛ ሲጠይቅ እንግዳው ሲመልስ ቃለ ምልልስ ይሆናል፣ ቴአትር ላይ ተዋንያን የሚቀባበሉትም ንግግር ምልልስ ይባላል። ሾፌሮች የጭነት ጉዟቸውን ሲቆጥሩ ከጣሊያንኛ በመጣው «ቢያጆ» ነው፣ ግን ቢያጆ ጉዞ ብቻ ነው፣ ባዶውን ቢመለስም ግድ የለውም። ምልልስ ውስጥ ግን የሚጠበቅ ነገር አለ። የሄደው መምጣት አለበት፣ የተጠየቀውም መመለስ አለበት።

ለዚህ ይመስለኛል ቢሮ ለቢሮ የሚያዞረንን ነገር «ምልልስ በዛብኝ» እያልን በምሬት የምናወራው። እግራችን ሄዶ ይመለሳል፣ ጥያቄያችን ግን ሄዶ ይቀራል። ያ ሱቅ ሦስት ቀን ያመላለሰኝ እንደዚያ ነው። እግረ መንገዴን አንድ አስተያየት ልስጥ፣ ሆቴሎች መኪናቸው ላይ «ሻትል» ብለው በእኛው ፊደል ከሚጽፉ «ተመላላሽ» ቢሉት ሁሉም ሰው ይገባዋል፣ ያምራልም።

አሁን ወደ ጋቢው። ያንን የተተረተረ ጋቢ ይዤ ነበር የሄድኩት፣ ለጋሼ አሳየኋቸው። ዘርፉን አላዩትም፣ መሀሉን አልዳሰሱትም፣ በቀጥታ ረጅሙን ጠርዝ ያዙና በጥፍራቸው ስፌቱን ገለጥ አደረጉት። «ይኸው፣ እዚህ ጋ ተቆርጧል። አልዞረም» አሉኝ። ከዚያ ዕቃቸው ላይ ያለውን ጨርቅ ጠርዝ በጣቴ አስያዙኝ። ልዩነቱ የሚዳሰስ ነው። በመወርወሪያ ሲሠራ ማጉ ጠርዝ ላይ ይደርስና ዞሮ ተመልሶ ይገባል፣ ደግሞ በወዲያኛው ጠርዝ ይዞራል፣ ቀሰሙ እስኪያልቅ ያው አንድ ክር ነው። ስለዚህ ጠርዙ ራሱን ይዘጋል፣ መርፌ አይፈልግም። ብዙዎቹ አዳዲስ ማሽኖች ግን መወርወሪያ የላቸውም፣ ማጉን በአየር ወይም በሌላ መንገድ ካሻገሩ በኋላ በየመስመሩ ይቆርጡታል፣ ጠርዙንም ሌላ ነገር መያዝ አለበት። የኔ ጋቢ የተተረተረው ያ የያዘው ስፌት ሲለቅ ነው።

ስለዚህ ጋቢ ወይም ነጠላ ስትገዙ ዘርፍ ያለውን ጫፍ ተዉት፣ ዘርፍ ማንም ይሠራዋል። ረጅሙን ጎን ያዙና ማጉ መዞሩን እዩ። ሁለተኛ፣ ጨርቁን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጉት። በእጅ የተፈተለ ማግ አንድ ዓይነት ውፍረት የለውም፣ እዚህ ቀጠን እዚያ ወፈር ይላል። ሦስተኛ፣ መሀሉ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የእጅ ስፌት ብታዩ አትደንግጡ። የሸማው ስፋት ሸማኔው ሁለት እጁን ዘርግቶ ወርውሮ ሊቀልብ ከሚችለው አይበልጥም፣ ስለዚህ ሰፊ ልብስ ሲሆን ይጋጠማል። እንግሊዝ አገርም ድሮ ሰፊ ጨርቅ ለመሥራት ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ተቀምጦ ይቀባበል ነበር፣ ጆን ኬይ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1733 መወርወሪያውን በገመድ ተመትቶ ራሱ የሚሮጥ እስኪያደርገው ድረስ።

ስለ አገልግሎቱ እንነጋገር። ሳዝዝ ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል እንደሚሆን በግልጽ ነገሩኝ። ሁሉም የእጅ ፈትል ይሁን ብትይ ዋጋው ሌላ ነው አሉኝ፣ ለእኔ የመጀመሪያው በቂ ነበር። ፈትሉን ከሦስት ዓይነት አስመረጡኝ፣ ጥለቱንም ጠየቁኝ። አባቴ ቀጭን ጥቁር ጥለት ነው የሚወደው፣ እሱኑ ሠሩለት። ግማሹን ቀድሜ ከፈልኩ፣ ግማሹን ስረከብ፣ በቴሌብርም ይቀበላሉ። በጠቅላላው ከዚያ ሱቅ ጋቢ በሲሶ ያህል በልጦብኛል። ይህን ሥራ ቁጭ ብዬ ስላየሁ አልቆጨኝም።

ቅር ያለኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቀጠሮው አለፈ። በሁለት ሳምንት የተባለው በሦስተኛው ነው የደረሰው። የማጉ ፈትል ዘግይቶባቸው ነው፣ ከእኔ ሳይጠብቁ ራሳቸው ደውለው «ልጄ አትምጪ፣ አልደረሰም፣ በከንቱ እንዳትመላለሺ» ብለውኛል። ያም ሆኖ ለአባቴ ልደት አልደረሰልኝም፣ ስለዚህ ለበዓል ወይም ለሰርግ የምትፈልጉት ከሆነ ቢያንስ አንድ ወር ቀድማችሁ እዘዙ። ሁለተኛ፣ ደረሰኝ የላቸውም፣ ደብተር ላይ ነው የሚጽፉት። እኔ የደብተሩን ገጽ በስልኬ ፎቶ አነሣሁ፣ እናንተም እንደዚያ አድርጉ።

ጋቢውን ከወሰድኩ አራት ወር ሆኖታል። አምስት ጊዜ ታጥቧል፣ በእጅ፣ በለብታ ውኃ፣ ያለ በረኪና። መጀመሪያ ትንሽ ደረቅ ይል ነበር፣ አሁን እንደ ባዘቶ ለስልሷል። ጠርዙ አልነቃነቀም። አባቴ ማታ ሬዲዮ ሲሰማ ጣቱን በዚያ ጠርዝ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲያመላልስ አየዋለሁ፣ ለራሱ አይታወቀውም።

አሁን ደግሞ ለእናቴ ነጠላ አዝዣለሁ። ባለፈው ቅዳሜ አብረን ሄደን ፈትሉን ራሷ መረጠች፣ ከጋሼ ጋር ስለ ጥጥ ሲያወሩ ሰዓቱ ነጎደ። የሚደርሰው ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ልታመጣው የምትሄደው እሷው ናት፣ የምልልሱንም ታክሲ እኔ እችላለሁ ብላለች።